ኮሞዶር 64ን ዋይፋይ ላይ ማውጣት፦ ከፓወር ሰፕላዩ እስከ 9600 ቢት

ኮሞዶር 64 እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ ሲውል ከውጭው ዓለም የሚገናኘው በስልክ መስመርና በሞደም ነበር። በ1985 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረውና ኋላ አሜሪካ ኦንላይን የሆነው ኳንተም ሊንክም የተነሣው ከዚሁ ማሽን ጋር ነው። ዛሬ የዚያን ሞደም ቦታ ኢኤስፒ8266 የተባለች ርካሽ የዋይፋይ ቺፕ ትይዛለች። ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው ለሞደም ትእዛዝ ይሰጣል፤ ሞደሟ ግን ስልክ በመደወል ፈንታ በራውተሩ በኩል ኢንተርኔት ላይ ያለ ሌላ ኮምፒውተር ትጠራለች። የኔትወርኩን ከባድ ሥራ በሙሉ የምትሠራው ቺፗ ናት። ለኮሞዶሩ የሚቀረው ባይት መላክና መቀበል ብቻ ነው።

ብዙ መመሪያዎች ቶሎ ወደ ፈርምዌሩ፣ ማለትም ቺፗ ላይ ወደሚጫነው ፕሮግራም፣ ይሮጣሉ። እኔ እንዳየሁት ሥራው የሚበላሸው እዚያ አይደለም፤ በኤሌክትሪኩና በፍጥነቱ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ሌላውን በአጭሩ አልፈዋለሁ።

መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ

የድሮውን ፓወር ሰፕላይ ሳትለኩ ምንም ነገር አትጨምሩበት። ሳጥኑ ለኮምፒውተሩ 5 ቮልት ዲሲ እና 9 ቮልት ኤሲ ይሰጣል። የ5 ቮልቱ ሬጉሌተር (ቮልቴጁን በልኩ የሚይዘው ክፍል) ደርቆ በጠነከረ ሙጫ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ሙቀቱ መውጫ የለውም። ከዘመናት በኋላ ሲበላሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቮልቴጁ አይወርድም፣ ይጨምራል፤ ቀድመው የሚቃጠሉትም የራም ቺፖቹ ናቸው። ሰባት ፒን ባለው ክብ መሰኪያ ላይ ፒን 5 የ5 ቮልቱ፣ ፒን 2 ግራውንዱ፣ ፒን 6 እና 7 የ9 ቮልት ኤሲው ናቸው። ልኬቱ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ሲቀዘቅዝ ደህና መስሎ ሲሞቅ የሚያመልጥ ስላለ፣ ኮምፒውተሩ በርቶ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ከ5.25 በላይ ካሳየ ያ ሳጥን አይጠገንም፤ አስወግዳችሁ አዲስ የተሠራ ግዙ።

ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ማሽን ከሆነ ሳጥኑ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የእኛ ሶኬት 220 ስለሆነ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር የግድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋይፋይዋ እንምጣ። የምንሰካበት ቦታ ዩዘር ፖርት ይባላል፤ ከማሽኑ ኋላ ሲታይ በስተቀኝ ጫፍ ያለው፣ 24 ንክኪዎች ያሉት የቦርዱ ጠርዝ ነው። ፒን 2 ላይ 5 ቮልት አለ፤ የኮሞዶር ሰነድ ከዚያ እንዲወሰድ የሚፈቅደው ግን 100 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ኢኤስፒ8266 በአማካይ ወደ 80 ሚሊአምፔር ትወስዳለች፤ ሬዲዮዋ በምትልክበት ቅጽበት ግን ከ170 በላይ ትዘልላለች፣ ስትነሣ ደግሞ ከዚያም ታልፋለች። ብዙ ሰው ከፒን 2 ወስዶ ይጠቀማል፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። የማይሠራበት ቀን ግን ምክንያቱን ለማግኘት ያደክማል፦ ስክሪኑ ላይ በድንገት የተዘበራረቁ ምልክቶች ይወጣሉ፣ ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ወይም ኮምፒውተሩ ራሱ ይቆማል። ስለዚህ ቺፗን በሌላ 5 ቮልት የስልክ ቻርጀር እንድትመግቧት እመክራለሁ። የቻርጀሩ ግራውንድ ከኮሞዶሩ ግራውንድ ጋር ይገናኝ፤ የቻርጀሩ 5 ቮልት ግን ከፒን 2 ጋር ፈጽሞ አይገናኝ። አንዱ በርቶ ሌላው ጠፍቶ እንዳይቆይም ሁለቱን በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ባለው ማከፋፈያ ላይ ሰኳቸው።

ዕቃዎቹ

አንድ ኢኤስፒ-01ኤስ ሞጁል (ኢኤስፒ8266ን የያዘች ትንሽ ቦርድ)፤ 3.96 ሚሊሜትር ልዩነት ያለው ባለ 24 ንክኪ የጠርዝ ማገናኛ፤ ኤኤምኤስ1117 የ3.3 ቮልት ሬጉሌተር፤ ለሬጉሌተሩ መውጫ 22 ማይክሮፋራድ ታንታለም ካፓሲተር፤ ለሞጁሏ 220 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮላይቲክና 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ፤ ሦስት 10 ኪሎኦም ሬዚስተር፤ በቢኤስኤስ138 የተሠራ ባለ አራት መስመር የቮልቴጅ መቀየሪያ ሞጁል፤ ቀዳዳ ያለው ቦርድና ቀጭን ሽቦ። ፈርምዌር ለመጫን ደግሞ በ3.3 ቮልት የሚሠራ ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል መቀየሪያ ያስፈልጋል።

ዩኤስቢ ያለባቸው ትልልቅ ቦርዶች ለምን አልተመረጡም ለሚል፦ በእነዚያ ላይ የዩኤስቢው ቺፕ ውጤት በትንሽ ሬዚስተር በኩል ከኢኤስፒ መቀበያ ፒን ጋር ተያይዟል፣ ቦርዱ ኃይል እስካገኘም ያንን መስመር ወደ ላይ ይይዘዋል። የኮሞዶሩ ደካማ ምልክት መስመሩን ዝቅ ለማድረግ ከእሱ ጋር ሲታገል አንዳንድ ፊደል ይጠፋል። ባዶዋ ኢኤስፒ-01ኤስ ይህ ችግር የለባትም።

የቮልቴጅ መቀየሪያው ትርፍ ዕቃ እንዳይመስላችሁ። ኢኤስፒ የምትሠራው በ3.3 ቮልት ነው። በኮሞዶሩ በኩል ዩዘር ፖርቱን የሚያንቀሳቅሰው ሲአይኤ 6526 የተባለው ቺፕ በ5 ቮልት ይሠራል፤ የመቀበያ ፒኖቹም ከውስጥ ወደ 5 ቮልት የሚስብ ሬዚስተር አላቸው። በቀጥታ ሽቦ ካገናኛችኋቸው ያ 5 ቮልት ተመልሶ ወደ ኢኤስፒ ይገፋል። በሁለት ሬዚስተር ቮልቴጁን መክፈልም የተለመደ ነው፤ ግን በየቦታው የሚታየው የ1 ኪሎኦምና የ2 ኪሎኦም ጥምረት ለዚህ ቺፕ አይሆንም። ሲአይኤው ከፍ ባለ ምልክት ጊዜ እንዲሰጥ ዋስትና ያለው 200 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው፤ 5 ቮልት በ3 ኪሎኦም ላይ ደግሞ ከ1.6 ሚሊአምፔር በላይ ይጠይቃል። ምልክቱ ይሰምጥና ኢኤስፒዋ ዜሮና አንዱን መለየት ይቸግራታል። የቢኤስኤስ138 ሞጁል መስመሩን በራሱ ሬዚስተሮች ወደ ላይ ስለሚስብ፣ ኮሞዶሩ የሚጠበቅበት ወደ ታች መጎተት ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ በደንብ ይችላል።

ሽቦው

ከማሽኑ ኋላ ቆማችሁ ስትመለከቱ ከላይ ያለው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 12 ነው። ከታች ያለው በፊደል ይጠራል፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤች፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤን። ጂ እና አይ ተዘለዋል፤ ሳያስተውሉ የሚቆጥሩ ሰዎች ከኤፍ በኋላ አንድ ፒን የሚስቱት በዚህ ነው።

ኮሞዶሩ የሚልከው በኤም ላይ ነው። የሚቀበለው በቢ እና በሲ ላይ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ መበየድ አለባቸው። ቢ የመጀመሪያው ቢት ሲመጣ ፕሮሰሰሩን ይቀሰቅሳል፣ ሲ ደግሞ ቢቶቹ የሚነበቡበት ነው፤ አንዱ ከጎደለ ምንም አይነበብም። ኤም በመቀየሪያው በኩል ወደ ኢኤስፒ መቀበያ ይሂድ፣ የኢኤስፒ መላኪያ በሌላው መስመር በኩል ወደ ቢና ሲ ይምጣ። የመቀየሪያው የከፍተኛ ቮልቴጅ ፒን ከዩዘር ፖርቱ ፒን 2፣ የዝቅተኛው ከ3.3 ቮልቱ ይገናኝ፤ ከፒን 2 የምንወስደው ይህችን ብቻ ስለሆነ ምንም አይጫነውም። ግራውንዱ ከ1፣ ከ12፣ ከኤ ወይም ከኤን ይወሰዳል። የድሮ ሞደሞች መካከል ላይ የሚያስገቡት ምልክት ገልባጭ ቺፕ እዚህ አያስፈልግም፤ ሁለቱም ወገኖች ሥራ ሲፈቱ መስመሩን ከፍ አድርገው ነው የሚይዙት።

በኢኤስፒ-01ኤስ ላይ የማንቂያውን ፒን፣ እንዲሁም ጂፒአይኦ 0 እና ጂፒአይኦ 2 የተባሉትን ፒኖች በየራሳቸው 10 ኪሎኦም ወደ 3.3 ቮልት ሳቧቸው። ካፓሲተሮቹ ከሞጁሏ የኃይል ፒን ጥግ ይቀመጡ፤ በረጅም ሽቦ ጫፍ ላይ ያለ ካፓሲተር ለዚህ ሥራ አይረባም። የኤኤምኤስ1117 የብረት ጀርባ ግራውንድ አይደለም፣ የ3.3 ቮልቱ መውጫ ነው፤ ግራውንድ እንዳይነካ።

ከሁሉም በላይ የምትጠነቀቁለት የማገናኛው አቅጣጫ ነው። ፒን 10 እና 11 ላይ 9 ቮልት ኤሲ አለ። ማገናኛው ተገልብጦ ከተሰካ፣ አንድ ላይ የበየድናቸው ቢ እና ሲ የሚያርፉት በትክክል እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው። 9 ቮልቱ እርስ በርሱ ይገናኝና የኮምፒውተሩን ውስጥ ፊውዝ ያቃጥላል፤ ኢኤስፒዋም አትተርፍም። የቦርዱ ጠርዝ ለዚህ ሲባል በ1 እና 2 መካከል፣ እንዲሁም በ10 እና 11 መካከል የተቆረጠ ቀዳዳ አለው። በማገናኛችሁ ውስጥ በነዚያ ቦታዎች የፕላስቲክ ቁልፍ አስገቡ። ርቀታቸው ከሁለቱ ጫፎች እኩል ስላልሆነ ተገልብጦ መግባት አይችልም። ቁልፍ የሌለው ማገናኛ ገዝታችሁ «እጠነቀቃለሁ» አትበሉ።

ኮምፒውተሩ በርቶ እያለ መሰካትም መንቀልም ክልክል ነው። የሚጎዳው ሁለተኛው ሲአይኤ ነው፤ ይህ ቺፕ ዩዘር ፖርቱን ብቻ አይደለም የሚያገለግለው። የዲስክ ድራይቩን መስመርና የቪዲዮ ቺፑ የሚያየውን የሜሞሪ ክፍል የሚመርጠውም እሱ ነው። ከሞደም ሥራ በኋላ ድራይቩ መልስ ካልሰጠ ወይም ስክሪኑ ከተዘበራረቀ ጥርጣሬው ወደዚህ ይሂድ። በማሽኑ ውስጥ ሁለት 6526 ስላሉ፣ ሶኬት ላይ ከተቀመጡ ቦታ አለዋውጦ መሞከር ይቻላል።

ፈርምዌር

ዚሞደም ለዚህ ሥራ የተጻፈ ነፃ ፈርምዌር ነው፤ የምጠቀመው እሱን ነው። ሲጫን ጂፒአይኦ 0 ከግራውንድ ጋር ተገናኝቶ ሞጁሏ ኃይል ታግኝ፤ ፋይሉ ኢኤስፒቱል በተባለው የፒሲ ፕሮግራም ከአድራሻ 0 ጀምሮ ይጻፋል። ከዚያ ጂፒአይኦ 0ን ለቅቃችሁ ኃይሏን አጥፍታችሁ አብሩ። እዚህ ላይ የተለመደው ጥፋት ሞጁሏን ከዩኤስቢ መቀየሪያው የ3.3 ቮልት ፒን መመገብ ነው። በኤፍቲ232 የተሠሩት መቀየሪያዎች ከዚያ ፒን የሚሰጡት 50 ሚሊአምፔር ብቻ ስለሆነ መጻፉ መሃል ላይ ይቆማል። የራሳችሁን ኤኤምኤስ1117 ተጠቀሙ።

የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ከኮሞዶሩ ሳይሆን ከዘመናዊው ኮምፒውተር ላይ አስገቡ። ኮሞዶሩ ፔትስኪ የተባለ የራሱ የፊደል ኮድ አለው፤ በውስጡ ሺፍት ሳይጫን የሚጻፈው ፊደል በአስኪ፣ ማለትም ሌሎች ኮምፒውተሮች በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ፣ የትልቁ ፊደል ኮድ ነው ያለው። ትንንሽ ፊደል ያለበት የይለፍ ቃል ስክሪኑ ላይ ትክክል ይመስላል፣ ወደ ራውተሩ ሲደርስ ግን ሌላ ነው። በፒሲው ተርሚናል ፕሮግራም ፍጥነቱን በሴኮንድ 1200 ቢት፣ 8 ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ 1 ማቆሚያ ቢት አድርጉ። ኤ-ቲ (AT) ብላችሁ ስትልኩ «ኦኬ» ይመጣል። ኤ-ቲ-ደብሊው (ATW) በአካባቢው ያሉ ኔትወርኮችን ይዘረዝራል። ኤ-ቲ-ደብሊው ብላችሁ በጥቅስ ምልክት ውስጥ የኔትወርኩን ስም፣ ነጠላ የላቲን ኮማ፣ ከዚያ የይለፍ ቃሉን ስታስገቡ ይገናኛል። ኤ-ቲ፣ የ«እና» ምልክት፣ ደብሊው (AT&W) ደግሞ ያስቀምጠዋል፤ ይህን ካልላካችሁ ሲጠፋ ሁሉም ይረሳል።

የራውተራችሁ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ኢኤስፒ8266 የምታየው 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ መሆኑን አስታውሱ። ደብሊውፒኤ3 በተባለው አዲሱ የዋይፋይ መቆለፊያ ብቻ የሚሠራ ኔትወርክም አትገባም፤ ራውተሩ ደብሊውፒኤ2ን ይፍቀድ። በድረ ገጽ «ተቀበል» ተጭኖ የሚገባባቸው የሆቴልና የካፌ ዋይፋዮች አይሠሩም።

የመጀመሪያው ፈተና ያለ ኢኤስፒ

ሞጁሏን ከመስካታችሁ በፊት ኤምን ከቢና ሲ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኙና ኮሞዶሩ ላይ ሲሲጂኤምኤስ ወይም ኖቫተርም የተባለውን ተርሚናል ፕሮግራም ክፈቱ። በዩዘር ፖርት፣ በ1200 የጻፋችሁት ፊደል ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ከመጣ የኮምፒውተሩ ወገን ጤነኛ ነው። ካልመጣ ችግሩ ዋይፋይ አይደለም፤ የንክኪውን ጠርዝ በአይሶፕሮፒል አልኮል አጽዱ፣ ብየዳውን ፈትሹ፣ ከዚያ ሲአይኤውን ጠርጥሩ።

የራሳችሁን ፕሮግራም በቤዚክ ከጻፋችሁ ቻናሉ የሚከፈተው መሣሪያ ቁጥር 2 ላይ ነው፤ የመጀመሪያው መቆጣጠሪያ ባይት 6 ሲሆን 300፣ 8 ሲሆን 1200፣ 10 ሲሆን 2400 ነው። የኦፕን ትእዛዝ ከሜሞሪው ጫፍ ላይ ሁለት ባለ 256 ባይት ማቆያዎችን ይወስድና ቫሪያብሎችን ሁሉ ያጠፋል። ስለዚህ በፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ፣ ምንም እሴት ከመሰጠቱ በፊት ይምጣ።

ሞጁሏን ሰክታችሁ ስታበሩ መጀመሪያ የሚመጡት ትርጉም የለሽ ምልክቶች አያስደንግጧችሁ፤ ኢኤስፒ ስትነሣ በ74880 ፍጥነት የራሷን መልእክት ትልካለች። በሥራ መሃል እነዚያው ምልክቶች ከተደገሙ ግን ሞጁሏ ጠፍታ እየተነሣች ነው፤ ወደ ኃይሉና ወደ ካፓሲተሮቹ ተመለሱ።

ከ2400 በላይ መሄድ

የኮሞዶሩ ሮም ሲሪያል ለመላክና ለመቀበል የተለየ ሃርድዌር አይጠቀምም፤ እያንዳንዷን ቢት ፕሮሰሰሩ ራሱ ጊዜዋን ጠብቆ ያነሣታል። የፓል (ለአውሮፓ የቴሌቪዥን ሥርዓት የተሠራው) ማሽን በሴኮንድ 985,248 ዑደት አለው። በ1200 ለአንድ ቢት 821 ዑደት ይደርሰዋል፣ በ9600 ግን 102 ብቻ። በዚህ ላይ የቪዲዮ ቺፑ በየስምንተኛው የስክሪን መስመር ወደ 40 ዑደት ከፕሮሰሰሩ ይወስዳል። በ1200 ይህ አይታወቅም፤ በ9600 የአንድ ቢት ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረውም።

መፍትሔው ዩፒ9600 የሚባለው ዘዴ ነው። በሲአይኤዎቹ ውስጥ ያሉት የሺፍት ሬጂስተሮች ቢቶቹን ራሳቸው ሰብስበው ስምንቱን በአንድ ጊዜ ለፕሮሰሰሩ ያስረክባሉ። የሚጨመሩት ሽቦዎች ሦስት ናቸው፦ ፒን 5 ከኤም ጋር፣ ፒን 7 ከቢና ሲ ጋር፣ ፒን 6 ከኤል ጋር። የመጨረሻዋ ለመቀበያው ሬጂስተር የሰዓት ምት ታቀርባለች፤ የሁለተኛው ሲአይኤ ታይመር በኤል ላይ የሚያወጣው ምት በ6 በኩል ይመለሳል። ስለዚህ ኤል ላይ ሌላ ነገር አይኑር። እነዚህ ሽቦዎች በ1200 ለመሥራትም እንቅፋት ስለማይሆኑ ከመጀመሪያው መበየድ ይሻላል። ከዚያ በኢኤስፒዋ ላይ ኤ-ቲ-ቢ 9600 (ATB9600) ብላችሁ አስቀምጡ፤ በተርሚናል ፕሮግራሙም ዩፒ9600ን ምረጡ። ተራውን የዩዘር ፖርት ምርጫ ይዛችሁ 9600 ብትሉ አይሆንም።

የአሜሪካ ማሽን በሴኮንድ 1,022,727 ዑደት አለው፤ ከፓሉ ወደ 4 በመቶ ይፈጥናል። ፕሮግራሙ ማሽኑን በስህተት ከለየው ይህ ልዩነት በአሥር ቢት ውስጥ ተጠራቅሞ የቢትን ሲሶ ያልፋል። ፊደሉ አብዛኛው ትክክል ሆኖ አልፎ አልፎ የሚሳሳት ከሆነ በመጀመሪያ ይህን መቼት ተመልከቱ።

በ9600 አንድ የ1541 (የኮሞዶሩ ዲስክ ድራይቭ) ዲስክ ይዘት፣ ማለትም 174,848 ባይት፣ በንድፈ ሐሳብ በሦስት ደቂቃ ገደማ ይወርዳል፤ በ2400 12 ደቂቃ፣ በ1200 24 ደቂቃ ይፈጃል። በተግባር የዲስኩ መጻፊያ ጊዜ ይጨመርበታል። ኮሞዶሩ ዲስክ ላይ በሚጽፍበት ጊዜ ከሲሪያሉ መቀበል ያቆማል፤ በዚያ መሃል የመጣ ባይት ይጠፋል። ለዚህ ነው ፋይል በኤክስሞደም ወይም በፐንተር ፕሮቶኮል መውረድ ያለበት፤ ሁለቱም አንድ ክፍል ተቀብሎ «ደርሶኛል» እስኪባል ቀጣዩን አይልኩም። ጽሑፍን በቀጥታ ወደ ዲስክ እያስቀመጡ ማንበብ ግን በመላኪያ፣ በመቀበያና በግራውንድ ሽቦ ብቻ አይሳካም፤ መጀመሪያ በሜሞሪ ውስጥ ይጠራቀም፣ ግንኙነቱ ካለቀ በኋላ ይቀመጥ።

ከ9600 በላይ የሚፈልግ ዩዘር ፖርቱን ትቶ በካርትሪጅ ማስገቢያው የሚሰካ፣ 6551 ቺፕ ያለው ስዊፍትሊንክ መሰል ካርድ ይጠቀም፤ እስከ 38400 ይደርሳል። ጽሑፍ ለማንበብና ቢቢኤስ (በሞደም ተደውሎ የሚገባበት የመልእክትና የፋይል መለዋወጫ ኮምፒውተር) ለመግባት ግን 9600 ከበቂ በላይ ነው። እነዚህ ግንኙነቶች ያልተመሰጠሩ ስለሆኑ ለኢሜይላችሁ ወይም ለባንካችሁ የምትጠቀሙበትን የይለፍ ቃል ቢቢኤስ ላይ አትድገሙት፤ ራውተራችሁ የእንግዳ ኔትወርክ ካለው ሞጁሏን እዚያ አስገቧት።